ሁለት ጣት፣ ግን በማን ጣት?

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መኪናችሁን አቁማችሁ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ስታወዛውዙት፣ ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ብቻውን ስንት ያህል ቢሄድ ነው ጤነኛ የሚባለው? ግዴላችሁም፣ አትመልሱልኝ። እኔ ይህን ጥያቄ አሰላ ውስጥ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ መልስ ያልሰጠኝም ሰው የለም። የሁሉንም መልስ ተቀብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት። ያን ጊዜ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።

መኪናዋን የገዛኋት ከነጋዴው ከሸምሱ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት ሄዶ፣ ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የኖረች ናት፤ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበረ ሁለት ሰው አይስማማም። ሸምሱ ሱቁ ጓሮ አቁሟት ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ስጽፍ ስለምውል ማንም የሚያታልለኝ አይመስለኝም። ሸምሱ «ወላሂ፣ ሞተሯን ብቻ ስማው» አለኝ። ሰማሁት። ሞተሯ እውነትም ደህና ነበር። «መሪዋስ?» ስለው «መሪዋ ጤነኛ ነው፤ ካልሆነ ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ በራሴ ወጪ አሠራልሃለሁ» አለ። ይህችን ቃል ያዙልኝ። እኔ ይዣት ብዙ ተንገላትቻለሁ።

የመሪዋ ጠባይ እንዲህ ነው። ወደ ቀኝ ታዞሩታላችሁ፤ ምንም የለም። ትንሽ ትጨምራላችሁ፤ አሁንም ምንም የለም። «በቃ፣ ተበጥሷል» ብላችሁ ነፍሳችሁን ለፈጣሪ ስታስረክቡ፣ መኪናዋ ድንገት ትዝ ይላትና ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ስለዚህ እኔ መሪውን የማዞረው መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሳይሆን ገና መታጠፊያውን ሳስበው ነበር። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ዱቄት እንደሚነፋ ሰው ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ ስል እውልና ማታ ትከሻዬን አስካለ በቅባት ታሽልኛለች።

ያም ሆኖ ተስማምተን እንኖር ነበር። መንገዴ ከቤት ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ሰብስቦ አጥር ግቢ ያስገባል፤ እኔም ማንንም አልገጭም። መከራዬ የመጣው ወንድ ልጅ ሲወለድልኝ ነው።

ባለቤቴ አስካለ የበቆጂ ልጅ ናት። አባቷ ባላምባራስ ደምሴ ሰፊ የገብስ እርሻ ያላቸው፣ በፈረስ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። አስካለን ስጡኝ ብዬ ሽማግሌ ብልክ ውሻ ለቀቁባቸው። ከሽማግሌዎቼ አንዱ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ባቱን ያመዋል። «ጸሐፊ? መሬት የለው፣ ከብት የለው፣ ልጄን ቀለም ሊያጠጣት ነው?» አሉ ተብሎ ተነገረኝ። አስካለ አሰላ አክስቷ ቤት መጣሁ ብላ በዚያው ቀረች፤ ተጋባን። ከዚያ ወዲህ ከበቆጂ አንድ ቃል መጥቶ አያውቅም። አስካለ በየዓመት በዓሉ ሥራዋን ጨርሳ ደጅ ቆማ ወደ ላይኛው መንገድ ትመለከታለች። እኔም ያላየሁ መስዬ ጫማዬን እጠርጋለሁ።

ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ግን ከበቆጂ ሰው መጣ። የባላምባራስ መልእክት አጭር ነበር። «በልጅ ልጄ ክርስትና ላይ እገኛለሁ። አባቱ ራሱ መጥቶ በመኪናው ይውሰደኝ።»

አስካለ ሕፃኑን እቅፌ ላይ ጣል አድርጋልኝ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስትወጣ እየሳቀች ነበር። «እኔ ከአንተ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። «ወርቅ አላልኩ፣ ቀሚስ አላልኩ። አባዬን ብቻ በሰላም አምጣልኝ። ዘንድሮ ካልመጡ ሁለተኛ አይመጡም፤ አውቃቸዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? መኪናዋ ከከተማው ዳር አልፋ አታውቅም። የበቆጂ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ጭቃ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ መደገፊያ የሌለው የሳንቃ ድልድይ አለ። ያን ሌሊት ሙሉ በሕልሜ ድልድዩን ስስተው አደርኩ።

በማግስቱ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ጋራዥ ማለት ቱሉ የሚቀመጥባት የባሕር ዛፍ ጥላ ናት። ቱሉ ጣሊያኖች ዘንድ መፍቻ ሲያቀብል ያደገ፣ በራሱ እጅግ የሚተማመን፣ አንቱ የሚለው ሰው የሌለው ጎልማሳ ነው። መሪውን ወዲህ ወዲያ አለና ጆሮውን ወደ ታች አዘነበለ።

«ከመሪው ዘንግ በታች አንድ የብረት ሣጥን አለች» አለ። «ጥርስና ጥርስ እዚያ ውስጥ ይገናኛል። በጥርሱና በጥርሱ መካከል ክፍተት ሲኖር መሪው ባዶውን ይሄዳል። ይሄን እኛ ጨዋታ እንለዋለን። ሁለት ጣት ጨዋታ ጤና ነው። ከሁለት ጣት ካለፈ በሽታ ነው።»

እንዴት እንደ ተደሰትኩ አልነግራችሁም። ቁርጥ ያለ ሕግ አገኘሁ! ቤቴ ሮጬ መሪው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁና ባዶውን የሚሄደውን በጣቴ ለካሁት። አራት ጣት ሆነ። አስካለም በጣቷ ለካችውና አምስት አደረሰችው። መኪናዋን ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ አቁሜ በቀጥታ ገባሁ። «ሸምሱ፣ ቃልህ አለ። ከሁለት ጣት በላይ ሆኗል፤ ዕቃውን አስመጣ።»

ሸምሱ ሚዛኑን አስቀመጠና አየኝ። «በማን ጣት?» አለኝ።

«በእኔ ጣት ነዋ!»

«ያንተ ጣት እኮ የብዕር ጣት ነው፣ ወንድሜ።» ይህን ብሎ አጠገቡ ያለውን ሥጋ ቤት አንኳኳና ባለቤቱን ይዞት መጣ። ይህን ሥጋ ሻጭ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እጁን ግን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱ ጣቱ የሕፃን ክንድ ያህላል። መሪዬ ላይ ጣቶቹን አጋደመና «ሁለት። እንዲያውም አልሞላም» ብሎ ሄደ፤ ጠመኔዬንም በሞራ አጠፋብኝ።

ነገሩ ለምን እንዳናደደኝ የአገራችን ሰው ይገባዋል። አቡጀዲ ልንገዛ ስንሄድ ከዘመድ መካከል ክንደ ረጅሙን መርጠን ይዘን እንሄዳለን፤ ነጋዴውም በበኩሉ ክንደ አጭር ወንድሙን ሱቅ ያስቀምጣል። እኔ ራሴ ስንት የክንድ ክርክር ጽፌያለሁ። ይህ ጉድ ከጨርቅ ተነሥቶ መኪና ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም። ቢሆንም እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ አርፌ አልተቀመጥኩም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቆሎ ተማሪዎቹ መካከል ጾም ያከሳውን፣ ጣቱ ጧፍ የመሰለውን መርጬ አመጣሁ። ስድስት ጣት ሆነ!

በዚህ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ መኪናዬን ከቧት ጣቱን ይዘረጋል። አንዱ ሦስት ይላል፤ ሌላው በአውራ ጣት ነው እንጂ ይላል። ሸምሱና እኔ ድምፃችን ከፍ ሲል ከሱቁ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ተነሡና «ተው፣ ለእኛ ስጡን» አሉ። ሰጠናቸው። ጥግ ይዘው መከሩ። መኪና ነድተው የሚያውቁ አልነበሩም፤ ይህም ምክራቸውን አላስረዘመውም። ተመልሰው ተቀመጡና ትልቁ ተናገሩ።

«ነገሩን አይተነዋል። ጸሐፊውም ባለ ጉዳይ ነው፣ ሸምሱም ባለ ጉዳይ ነው፤ የሁለታችሁም ጣት አይታመንም። መኪናዋ የምትሄደው ማንን ልታመጣ ነው?»

«አማቴን፣ ከበቆጂ» አልኩ።

«እንግዲያው የሚለካው በእሳቸው ጣት ነው። የምትሳፈረው ነፍስ የእሳቸው ናትና።»

«ጥሩ፤ ግን እሳቸው ያሉት በቆጂ ነው።»

«ሂድና አምጣቸው፣ ይለካሉ።»

«አባቴ፣ እሳቸውን ለማምጣት እኮ ነው መሪው አስቀድሞ መለካት ያለበት!»

ሽማግሌው በኀዘን አዩኝ። «ልጄ፣ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ አይጮህም። አንተ ደግሞ የፍርድ ቤት ሰው ነህ።» መረቁን። እኔ አሜን አልኩ፣ ሸምሱ አሚን አለና ወደ ሱቁ ገብቶ ስኳር መመዘኑን ቀጠለ።

ተስፋ መቁረጥ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክርስትናው ሊደርስ ነው። ቤታችን ውስጥ ጠላው ተጠምቋል፣ አስካለ አባቷ የሚቀመጡበትን ወንበር በየቀኑ ቦታ ትቀይርለታለች። እኔ ደግሞ ከድልድዩ በፊትና ከድልድዩ በኋላ ያለውን ሕይወቴን አስባለሁ። በጉዞው ዋዜማ ቱሉ ዘንድ ተመልሼ «ጨዋታውን ከነጭራሹ አጥፋልኝ። ሁለት ጣትም አንድ ጣትም አልፈልግም፤ ምንም እንዳይቀር» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም!»

«እኔ ያጠበቅኩትን የሠራው ጣሊያን ራሱ አይፈታውም» አለና ሣጥኗ ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ብሎን በካቻቪቴ ያጠብቃት ጀመር። ላቡ ጠብ እስኪል አጠበቀ። መሪውን ስነካው ጎማው ወዲያው ይመልሳል። ልቤ አረፈ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሰው መሆን እንዲህ ነው ለካ እያልኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ወጥቶ ሸኘኝ። አስካለ ሕፃኑን አቅፋ ቆማለች፤ ሽማግሌዎቹም አሉ። እልልታው ቀለጠ። መኪናዋን አስነሥቼ የገበያው ሜዳ ጋ ስደርስ ወደ በቆጂ መንገድ ለመግባት መሪውን አዞርኩ። እንዴት ያለ መታዘዝ ነው! ታጠፈች። አሁን ደግሞ ላቃናት ብል መሪው እንዳለ ቀረ። ነክሷል። በሁለት እጄ ታገልኩት፣ በጉልበቴ ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች! የገበያ ቀን ስላልነበረ ሜዳው ባዶ ነው፤ መኪናዋ ሰፊ ክብ ሠርታ ወደ ሸኚዎቼ ተመለሰች።

በፊታቸው ሳልፍ «ምን ረሳህ?» አለች አስካለ።

«ምንም!» ብዬ አለፍኳት።

ዞሬ ተመለስኩ። አሁን ዝም አሉ። ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን በድንጋጤ ረስቼዋለሁ። እንደገና ስዞር ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ሲያነሡ አየሁ። «ተዉት፣ ይዙር!» ይላሉ። «ቤተ ክርስቲያን እንደሚዞረው ነው። መንገዱን ማስባረኩ ነው።» ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እልልታቸውን እንደ አዲስ ጀመሩት። እኔ እንደ ታቦት እየተዘመረልኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ ሜዳውን ስዞር ስዞር በመጨረሻ ሞተሯ ራሱ ሰልችቶት ጠፋ።

ቱሉ ሮጦ መጣና ሥሯ ገባ። «ገባኝ» አለ ከታች። «ሣጥኗ የተበላችው መሀሉ ላይ ነው። ሰው ሲነዳ አብዛኛውን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው አይደል? ዳር ዳሩ ግን እንዳለ ነው። የመሀሉ ጨዋታ እስኪጠፋ ሳጠብቃት ዳሩ ላይ ነከሰች።»

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናንት መቼ ነከሰች? ደግሞስ ምንም አይቅር ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ!» ብሎኑን አላላው። «በቃ፣ አሁን ትሄዳለች።»

«ስንት ጣት ሆነ?»

«ጣቱን ተወው፣ አንተ ሰው» አለ። በሚስጥር ለካሁት። ከአንድ ጋት፣ ከአራት ጣት ማለት ነው፣ አልፏል። ከበፊቱ የባሰ ነው። ሸኚዎቼ ግን አሁንም ቆመው ያዩኛል፤ አስካለም ታየኛለች። ሄድኩ።

ከአሰላ እስከ በቆጂ ያለውን መንገድ በሙሉ ስፋቱ ተጠቀምኩበት። ቀኙንም ግራውንም አውቀዋለሁ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ አህዮቻቸውን ገብሱ ውስጥ ይከታሉ። ሳጉሬን አልፌ ትንሽ እንደ ሄድኩ አንድ ፈረሰኛ ጋቢውን ተከናንቦ በአጠገቤ ደረሰና «ሱታ! ሱታ!» አለኝ፣ ቀስ በል ሲለኝ ነው። ቀስ ብዬ ነበር፤ እሱም የደረሰብኝ ለዚያ ነው። ጥቂት አብሮኝ ሄደና «ምን ጠፍቶብህ ነው የምትፈልገው? መንገዱ እኮ መሀል ላይ ነው!» ብሎኝ ቀድሞኝ ጋለበ።

የሳንቃውን ድልድይ ብቻዬን እንዴት እንዳለፍኩት እኔም አላውቅም፤ በቆጂ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ባላምባራስ ደምሴ ካባቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በክብር ልገባ በሩን አነጣጠርኩ። ከአጥራቸው ጥግ የተወሰነውን ይዤ ገባሁ። ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እሳቸው አጥሩን ነበር የሚያዩት።

ለክርስትናው የሚሆን አንድ ትልቅ ሙክት አዘጋጅተዋል፤ ሙክቱ ከኋላ ተጫነ፤ እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ። ሙክቱ ከባድ ስለነበር የመኪናዋ አፍንጫ ቀለል አለ። መሪው አሁን ጨርሶ ከእኔ ጋር አልነበረም፤ በልቤ ለካሁት፣ ስንዝር ሊሞላ ነው። ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ እያልኩ ከበቆጂ ወጣን።

ባላምባራስ እኔን ላለማነጋገር ቆርጠዋል፤ ዝም ማለት ግን አልቻሉም። ስለዚህ ወደ ኋላ ዞር አሉ። «አንተ ሙክት» አሉ። «መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?»

ሙክቱ አልመለሰም። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት «ሙክቱን ነው» አሉ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሙክቱ፣ ልጄን ሲወስዳትም እንዲህ እየተንገዳገደ ነው እንዴ የወሰዳት?»

ምን ትላላችሁ? ሙክቱና እኔ ዝም ብለን ተጓዝን።

ከዚያ ያ ቁልቁለት መጣ። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት መንገዱ ተጠማዝዞ ይወርድና ታች የሳንቃው ድልድይ ላይ ይገባል። ሳንቃው ጠባብ ነው፤ ከሥሩ ወንዙ ይሰማል። መኪናዋን አቁሜ ድንጋይ አስደገፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ለራሴ አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለራሴም ጭምር ነው። ግን አስካለ ወንበሩን ከቦታ ቦታ ስታዛውር ትታየኛለች። አባዬን በሰላም አምጣልኝ ነው ያለችው። ዝም ብዬ ብነዳና ብስት ምን ብዬ እገባለሁ? ይውረዱ ብላቸውስ? አንድን ትልቅ ሰው ከተሳፈረበት ውረድ ማለት በጥፊ ከመምታት አይለይም። እኚህ ሰው ከፈረሳቸው የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ከዚህ ከወረዱ በእግራቸው ወደ በቆጂ እንደሚመለሱ አውቄዋለሁ፤ ይህንንም አውቄ አፌን ከፈትኩ።

«ባላምባራስ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህችን ቁልቁለት በእግርዎ ይውረዷት።»

ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሻቸውን ነው። «ምን አልክ?»

«ይውረዱ። መሪው አይታመንም። እርስዎን ይዤ ድልድዩን ልስተው አልችልም።»

በሩን ከፍተው ወረዱ። ካባቸውን አራገፉ። ከሙክቱም ጋር አልተሰናበቱም። ፊታቸውን ወደ በቆጂ ያዞራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቁጣው አቅጣጫ አስቷቸው ይሁን አላውቅም፣ ወደ ታች ወደ ድልድዩ መንገድ ጀመሩ። እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። በቃ፣ አለቀ፤ አስካለን አጣኋት ብዬ ነበር ያሰብኩት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ሳቁ፣ አልቅሻለሁ።

ቀና ስል ባላምባራስ ከመንገዱ አጋማሽ ቆመው ወደ ላይ ያዩኛል። ከዚያ ያንን ዳገት እያለከለኩ ተመልሰው ወጡና በመስኮቱ በኩል ቆሙ።

«አንተስ?» አሉኝ።

«እኔ ምን?»

«አንተስ አትወርድም?»

«እኔማ ብወርድ ማን ይነዳታል?»

«ብትሞትስ?»

ወደ ታች ወደ ሳንቃው አየሁ።

«ብትሞትስ ነው የምልህ! ልጄ በአራስነቷ ነጠላ ልታዘቀዝቅ ነው? ያን ሕፃን ማን ሊያሳድገው ነው? እኔ ነኝ? በዚህ ዕድሜዬ?» ጮኹ። ድምፃቸው ወንዙን አሻግሮ ተሰማ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ስድብ በሙሉ እዚያች ቁልቁለት አናት ላይ ወረደብኝ። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንድሞት አይፈልጉም።

ሲበቃቸው ዞረው ገቡና በሩን በኃይል ዘጉት። «ምኑ ነው የላላው?» አሉ። የሣጥኗን ነገር፣ የጣቱን ነገር፣ የሽማግሌዎቹን ፍርድ ነገርኳቸው። ጣታቸውን አላወጡም።

«እኛ ያልተገራ ፈረስ ስንገራ» አሉ፣ «አንድ ሰው አይዘውም። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ በገመድ ይይዙትና ሁለቱም ወደየራሳቸው ይስባሉ። መሀል ላይ ቀጥ ይላል። በል ያዝ!» ይህን ብለው መሪውን በእሳቸው በኩል በሁለት እጃቸው አነቁት።

«ባላምባራስ፣ መኪና እኮ እንዲህ አይነዳም...»

«ስበህ ያዝ ነው የምልህ! ቁርስ አልበላህም?»

ሳብኩ። እሳቸውም ሳቡ። ያ ከንቱ ሲወዛወዝ የኖረ መሪ በሁለታችን መካከል ተወጥሮ ቆመ። ፍሬኑን ረግጬ ስይዝ እሳቸው ወርደው ድንጋዩን በእግራቸው አስለቀቁ፤ ተመልሰው መሪውን አነቁና ወረድን። «ወደ እኔ! ወደ እኔ አልኩህ!» «ወደ እኔ ነው፣ ባላምባራስ፣ መንገዱ ወደ እኔ ነው የሚታጠፈው!» «ዝም ብለህ ሳብ!» ሙክቱ ከኋላ ይጮኻል። ሳንቃው ከሥራችን ተንኳኳ፣ ወንዙ በሁለቱም በኩል ታየኝ፤ ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ተሻግረን ነበር። ማናችንም እጃችንን አልለቀቅንም።

እንዲሁ እየተሳሳብን ዲገሉን አለፍን፤ እንዲሁ እየተሳሳብን ሳጉሬን አለፍን። እሳቸው አሁን ዝምታቸው ተረስቷቸዋል። እርሻ ለምን እንደሌለኝ ይጠይቁኛል፣ መልሴን ሳይሰሙ ይሰድቡኛል፣ መካከል ላይ «ሳብ!» ይላሉ፣ ደግሞ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ይጠይቃሉ። «እርስዎን ነው የሚመስለው» ብላቸው «ውሸታም!» አሉኝ። ግን ቀጥለው እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገናም ነገርኳቸው።

አሰላ ስንገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። አስካለ የሁለት ሰው ጩኸት ከሩቅ ሰምታ ፊቷ አመድ መስሎ ደጅ ወጣች። ያየችው ይህን ነው፤ ባሏና አባቷ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ አንድ መሪ በአራት እጅ ይዘው፣ እየተሰዳደቡ ይመጣሉ። መኪናዋ ስትቆም ባላምባራስ ወርደው ልጃቸውን ሳሟትና እንባቸውን በካባቸው ጠርገው «ይህ ባልሽ ክንድ የሚባል የለውም። ምንድን ነው የምታበይው?» አሏት። አስካለ የአባቷን አንገት አንቃ፣ በትከሻቸው በኩል እኔን እያየች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ክንዴን ማንሣት አልቻልኩም እንጂ አብሬ አለቅስ ነበር።

ክርስትናው አማረ። ልጁ በእሳቸው እቅፍ ሆኖ ተመለሰ። ሙክቱ ተበላ፤ እኔ ግን ብዙ አብረን ስላሳለፍን አልሄደልኝም። ሸምሱ መጥቶ በላ፤ ቱሉም መጥቶ በላና መኪናዋ ከበቆጂ ደርሳ የተመለሰችው በእሱ ካቻቪቴ እንደሆነ ለሁሉ አወራ።

እንግዳው ሲቀንስ ባላምባራስ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። ፊታቸው በጠላ ፈክቷል። በሕይወቴ እንዲህ ወዶ የሚያየኝ አማት ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም። ጉልበቴን መታ አደረጉ።

«ስማ፣ ልጄ» አሉኝ። «ጮሌ አገር ያለች እህቴን ካየኋት ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰኞ እንሄዳለን።»

«በምን?» አልኩ፣ እያወቅሁት።

«በመኪናችን ነዋ!»

የጮሌ መንገድ እንኳን ለመኪና ለበቅሎም የሚያስለቅስ ነው። ገደሉ ከድልድዩ በፊትም አለ፣ ከድልድዩ በኋላም አለ፤ አንዳንዱ ቦታ ድልድዩ ራሱ የለም። ይህን ላስረዳቸው ወደ አስካለ ዞርኩ፤ ታድነኛለች ብዬ። አስካለ ግን ጓዳ ገብታ የአባቷን ስንቅ መቋጠር ጀምራለች።